«እጮኛዬ» ለማለት ስንት ሽማግሌ ያስፈልጋል?

ጥር ሲቃረብ ሁሌም እንዲህ ነው። አዳማ ላይ ድንኳን ተካዩና ቪዲዮ ቀራጩ እንቅልፍ ሲያጡ የኔም ሳጥን በሰርግ ጥያቄ ይሞላል። ስለ አዳራሽ ዋጋና ስለ ዲጄ የጻፋችሁልኝ ይቅርታ፣ እኔ የማውቀው ቃል ነው። ዛሬ ከመጡት መርጬ የመተጫጨት ነገር የሚነኩትን ብቻ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እዚሁ አዳማ ነው የምኖረው። ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ሆኖናል፣ አምና ቀለበት አድርጎልኛል፣ ለጥር ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ባለፈው ቡና ላይ «እጮኛዬ ደወለ» ብል አክስቴ ስኒዋን ቁጭ አድርጋ «ማን አጭቶሽ ነው እጮኛ ያለሽ? ሽማግሌ ሳይመጣ እጮኛ የለም። ፍቅረኛዬ በይ» አለችኝ። እናቴ ደግሞ «ፍቅረኛ» የሚለውን ቃል እቤት ውስጥ መስማት አትወድም። ታዲያ ልጁን ምን ብዬ ልጥራው? ቃሉስ ራሱ ከየት የመጣ ነው? — ግራ የገባኝ

መልስ፦ አክስትሽ ልክ ናቸው። አንቺም ልክ ነሽ። ይሄን የምለው ሁለታችሁንም ላስታርቅ ብዬ አይደለም። ልክ የሆናችሁት በተለያየ ዘመን ነው።

ከቃሉ እንነሳ። «እጮኛ» ውስጥ ያለው ግሥ «አጨ» ነው። ሁለት ፊደል ብቻ። ድሮ ግን ሦስት ነበረ፣ ግዕዙ «ሐፀየ» ይላል። ከሐፀየ ተነስቶ አጨ ዘንድ እንዴት ተደረሰ ካልሽ፣ መንገዱ አማርኛ ዕለት ዕለት የሚመላለስበት ነው። መጀመሪያ ሐ ጉሮሮዋን አጣች፤ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ካራገፈ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ፊደሉን ብቻ አስቀርቶልን። ቀጥሎ ፀ ጠ ሆነች። ፆምን ጦም፣ ፀጉርን ጠጉር ሲሉ አያቶችሽን ሰምተሻል። መጨረሻ ላይ ያቺ የ ጠን ነካ አደረገቻትና ጨ ሆና ቀረች። ይሄንን ደግሞ ሳታውቂው ቀኑን ሙሉ ስታደርጊው ነው የምትውይው፦ ሰጠ ትያለሽ፣ ሰጪ። መረጠ ትያለሽ፣ መራጭ። ሮጠ ትያለሽ፣ ሯጭ።

ትግርኛ የሚናገር ጎረቤት ካለሽ ጠይቂ። ወንዱን «ሕፁይ»፣ ሴቷን «ሕፅይቲ» ይሉሻል። ጉሮሮውም አለ፣ ፀም በቦታው አለ። የኛ «እጩ» ይሄው ሕፁይ ነው፣ ልብስ ቀይሮ። እሱ ላይ «ኛ» ቀጠልንበትና «እጮኛ» ሆነ። እጩ ብቻውን ሲቀር ሌላ ሥራ ያዘ፦ እጩ ዶክተር፣ እጩ መኮንን፣ እጩ ተመራቂ፣ የምርጫ እጩ። አንድ የሚያደርጋቸውን ነገር አየሽው? ተመርጧል፣ ገና አልሆነም። እጩ ዶክተር ዶክተር አይደለም፣ ግን ከመንገድ የተገኘ ሰውም አይደለም። የአንቺም ልጅ ያው ነው።

አሁን ወደ አክስትሽ። «ማን አጭቶሽ» ያሉት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሴትየዋ ሰዋስው ነው የተናገሩት።

በድሮው አነጋገር «አጨ» ሦስት ሰው ይፈልጋል። የሚያጭ፣ የምትታጭ፣ የሚታጭለት። አባት ለልጁ አጨለት ይባላል። እናት ለልጇ አጨችለት። ልጅቷ ታጨች። ባል የሚሆነው ልጅ ራሱ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ለ» የሚል ነገር ተለጥፎበት ዳር ላይ ነው የሚቆመው። መጽሐፍ ቅዱሱም እንዲሁ ነው የሚናገረው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «ለአንድ ወንድ አጭቻችኋለሁ» ይላል፣ በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ። አጪው ጳውሎስ ነው። የታጩት እነሱ ናቸው። የታጩለት ክርስቶስ ነው። ሦስቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ መልአኩ የተላከው ለዮሴፍ «ወደ ታጨች» ድንግል ነው። ማን አጫት የሚለው አልተጻፈም፣ ግሡ ግን ተደራጊ ነው፤ ታጨች እንጂ አጨች አይልም።

በነገራችን ላይ መልአኩ የሄደው የት ነው? ናዝሬት። ንጉሡ ከተማችንን የሰየሙት በዚያችው ናዝሬት ነው፣ ወደ አዳማ ከተመለሰች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ የአዲስ አበባ ሰው ግን አሁንም መናኸሪያ ቆሞ «ናዝሬት፣ ናዝሬት» ይላል። እንግዲህ በአማርኛው ወንጌል «ናዝሬት» እና «ታጨች» በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ለሰርግ መጥሪያ የሚሆን ጥቅስ ስትፈልጉ ለከረማችሁ፣ ይሄው በነፃ።

ሕጉም እንደ አክስትሽ ነበር የሚያስበው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 560 መተጫጨትን ሲተረጉም የሁለት ቤተሰብ አባላት፣ ልጆቻችን ይጋባሉ ብለው የሚስማሙበት ውል አድርጎ ነው። ተዋዋዮቹ ቤተሰቦቹ ናቸው። ሕጉ ላይ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፣ የተጋቢዎቹን ፈቃድ መሠረት አደረገ፣ የመተጫጨትን ምዕራፍ ደግሞ ጭራሹን አወጣው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸውና እሱን ለሕግ ሰው እተዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ግን ለሁሉም ነው፣ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይላል።

ሰው ሲቀየር ግሡም ተቀየረ። ዛሬ የምንለው «ተጫጩ» ነው። ተሳሳሙ፣ ተያዩ፣ ተጫጩ። እርስ በርስ። ሦስተኛው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። አንቺ «እጮኛዬ» ስትይ ከዚህ ግሥ ነው የምትነሺው፤ አክስትሽ ሲሰሙሽ ደግሞ ከድሮው። ቡና ላይ የተጋጨው እሱ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ፣ እዚሁ ፍራንኮ አካባቢ። ያኔ 43 ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬም ጥቁር ነው፤ ሽማግሌ ዕድሜ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ሦስት ነበርን። ዋናው የልጁ አጎት፣ ጡረተኛ። ሦስተኛችን የልጁ የሥራ ባልደረባ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ከአባቱ የተዋሰውን ጋቢ የለበሰ። በአንድ ባጃጅ ተጣበን ሄድን። ጋቢው በጎን ወጥቶ ሲውለበለብ ባለ ባጃጁ ሁለት ጊዜ አቁሞ «ጋሼ፣ ጎማ እንዳይዘው» እያለ አስገባልን። ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋሼ። ጋቢ ነው ያስባለው።

በር ላይ «ምን እግር ጣላችሁ?» ተባልን። ገባን። «ተቀመጡ» ተባልን። አልተቀመጥንም። «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አጎትየው። አባትየው እንደገና ተቀመጡ አሉ። እኛም እንደገና ቆምን። ጓዳ ቡና ይቆላል፣ ጭሱ መጥቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ማሸት ደግሞ አይቻልም፣ ሽማግሌ ነኝ። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና መንገድ ላይ ሲያጠኑት የመጡትን አወጡት፦ «ልጅዎ ያልታጨች እንደሆነ፣ ለልጃችን እንዲሰጡን ብለን ነው የመጣነው።»

አባትየው ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩ። ልጅቷ መጋረጃው ጋ ናት፣ ቀለበቷ ከዚህ ይታየኛል።

«እሷማ» አሉ፣ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው፣ «ራሷ አጭታ መጥታለች። እኛን ማን ጠየቀን?»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቃሉን ነበር የማላምጠው። እናት ለልጇ አጨችለት ሲባል ሰምቻለሁ። ሴት ለራሷ አጨች ሲባል ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አባትየው ለቀልድ ያሉት ነው፣ ቀልዱ የሠራው ግን እውነት ስለሆነ ነው። እሳቸውም ሳቁ እንጂ ወዲያው እሺ አላሉም። «ቤተሰብ እንምከርበት» ብለው የሁለት ሳምንት ቀን ቆረጡልን፣ ወጉ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ «እጮኛዬ» በይ። ቀለበት አድርገሽ፣ ቀን ቆርጣችሁ፣ ይሄ ልጅ እጮኛ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «ፍቅረኛ» ፍቅር አለን ነው የሚለው፣ ስለ ነገ የሚያወራው ነገር የለም። እጮኛ ነገን ይጠራል። አክስትሽ ፊት ግን እስከ ጥር ድረስ በስሙ ጥሪው። ሁለት ወር ነው፣ ይቻላል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደግሞ አክስትሽን ከፊት አስቀምጫቸው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ሽማግሌ በመጣበት ቀን ዳር ሲቀመጥ ደስ አይለውም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ወንድሜ? የኔ እጮኛ የኦሮሞ ልጅ ናት። አያቷ ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ ስለ እኔ «ካዲማ» የሚል ነገር አሉ። ኦሮምኛዬ የታክሲ ኦሮምኛ ነው። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ የምርጫ ዜና ላይ «ካዲመማ» ሲሉ ሰማሁ። እየተወዳደርኩ ነው እንዴ? — ከአዳማ

መልስ፦ ከተወዳደርክ አልፈሃል፣ እንኳን ደስ አለህ።

ካዲማ የታጨ ሰው ነው። «ዲ»ዋን ምላስህን ወደ ላንቃህ አጠፍ አድርገህ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋት፣ አለበለዚያ አያትየው ይስቁብሃል፣ ቢስቁብህም ደግሞ ክፋት የለውም። ካዲመማው ከዚያው ሥር የወጣ ነው፣ ለሹመት ወይ ለምርጫ የቀረበ ሰው ማለት ነው። ከላይ ለእህታችን ስለ እጩና እጮኛ የጻፍኩትን አንብበው፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም ለምርጫ ተወዳዳሪ ስም ሲፈልጉ የሄዱት ሰርግ ቤት ነው። ሌላ የት ይሄዳሉ? ሰው ተመርጦ፣ ተመስክሮለት፣ እሺ እስኪባል ደጅ የሚቆምበት ቦታ እዚያ ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። ሽማግሌ ስትልክ «ጃርሳ» ይባላሉ። ጃርሳ ማለት በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፣ ሽምግልናው «ጃርሱማ»። እዚህም አማርኛውና ኦሮምኛው አንድ መንገድ ነው የሄዱት፣ የዕድሜው ስም የሥራው ስም ሆነ። አዳማ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሳሎን የሚሰሙባት ከተማ ናት። ሽማግሌዎችህ ውስጥ አንድ ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው አስገባ። አያትየው አማርኛ ስለማይችሉ አይደለም፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲለመኑ ልመናው ጣዕሙ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችንን ልንድር ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች «ማጫው ምን ይሁን?» ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ «ልጄ ለገበያ አልወጣችም» ብሎ ተቆጣ። ኋላ ላይ «ጥሎሽ ማለታችን ነው» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ባለቤቴ ግን አሁንም ቂም ይዟል። ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ? — እናት

መልስ፦ አንድ አይደሉም እትዬ፣ ባለቤትዎ ጆሯቸው ጥሩ ነው። ቁጣው ግን ትንሽ በዛ።

ማጫ ያው ከ«አጨ» ነው። መስጫ የሚሰጥበት፣ መቁረጫ የሚቆረጥበት እንደሆነ ሁሉ፣ ማጫም የሚታጭበት ነው። ያ ሳይሰጥ መታጨቱ አይጸናም ማለት ነው። ቃሉ ዘፍጥረት ምዕራፍ 34 ላይ አለ፤ ሴኬም ዲናን ሊያገባ ፈልጎ ለአባቷና ለወንድሞቿ፣ ማጫውን የፈለጋችሁትን ያህል አብዙብኝ ሲል። ለማን ነው የሚለው? ለአባቷና ለወንድሞቿ። ማጫ ለቤተሰቧ ነው የሚገባው። የኦሮሞው ገበራም ወደዚያ ይቀርባል፣ በባህሉ በከብት። ባለቤትዎ የሰሙት ይሄንን ነው፣ ለልጄ ዋጋ አውጣ የተባሉ መስሏቸዋል።

ጥሎሽ ሌላ ነው። ከ«ጣለ» የወጣ ነው። «ዕቁብ ጣልኩ» ስንል ያለው ጣለ ይመስለኛል፣ ድርሻን ሰው ፊት ማስቀመጥ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኦሽ» ደግሞ ድብብቆሽና አባሮሽ ላይ የምናገኛት ናት፣ ለዚህ ይሆናል ጥሎሽ ሁሌም ትንሽ ጨዋታ ያለበት የሚመስለኝ። ሻንጣው ይከፈታል። አንዱ ሽማግሌ አንድ በአንድ እያነሳ ያሳያል፦ ወርቁ፣ ልብሱ፣ ጫማው፣ ሽቶው፣ ለእናት ጥበቡ፣ ለአባት ጋቢው ወይም ካባው። የሴቷ ወገን «አነሰ! ሌላውን የት ደበቃችሁት?» ይላል። የወንዱ ወገን ይምላል። አንድ ጊዜ አንዲት አክስት የቀኝ እግር ጫማውን አንስታ «ግራውስ?» ብላ ቤቱን ስታናውጠው አይቻለሁ፣ ጫማው ካርቶኑ ውስጥ ነበር፣ እሷም አይታዋለች። ከዚህ ሁሉ አብዛኛው የሚገባው ለሙሽሪት ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ማጫ ለወላጅ፣ ጥሎሽ ለልጅቷ።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን መህር ደግሞ በሕጉ የሙሽሪት የራሷ ሀብት ነው። አባትም ባልም አያዝበትም። አንዳንድ ሰው «መህር ማለት ማጫ» ብሎ ሲተረጉም እሰማለሁ፣ ትርጉሙ አይገጥምም፣ ተቀባዩ ሌላ ሰው ነው።

ለባለቤትዎ እንዲህ ይበሏቸው። ሽማግሌዎቹ የድሮ ሰው አፍ ነው የተናገሩት እንጂ ክፉ አላሰቡም። በብዙ ቤት ሁለቱ ቃላት ተደባልቀዋል፣ ማጫ ሲሉ ሻንጣውን ማለታቸው ነው። እርስዎም ቢሆኑ ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ስንት ጊዜ አይተዋል? ይቀበሏቸው።

ጥያቄ፦ ቀለበት ጣት ውስጥ ይገባል እንጂ አይታሰርም። ለምንድነው «ቀለበት አሰረላት» የምንለው?

መልስ፦ ጥሩ ታዝበሃል። አማርኛ ቃል ኪዳን ሲያገኝ ያስረዋል። ማተብ አንገት ላይ ይታሰራል፣ እሱስ ክር ስለሆነ ነው። ግን ኒካህም ይታሰራል፣ «ኒካ አሰሩ» ይባላል፣ ክር የለበትም። ነገሩ የሚገባህ «ውል» የሚለውን ቃል ስታየው ነው። ውል ስምምነት ነው፣ ፊርማ የሚያርፍበት። ውል ደግሞ የልቃቂት ጫፍ ነው። «ውሉ የጠፋበት ልቃቂት» ሲባል የፈትሉ መነሻ ጠፋ ማለት ነው። ፈትል የፈተለች አያት ያለችው ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ክር ያላየው ቀለበት መጥቶ እዚያው የክር ግሥ ላይ ተቀመጠ።

«ፕሮፖዝ አደረገኝ» ማለት ያስነውራል ወይ ብላ ለጠየቀችኝ እህት፦ እኔ አልቃወምም። ተንበርክኮ ቀለበት የማውጣቱ ነገር ከፊልም ጋር መጣ፣ ስሙንም ይዞ መጣ። «ላግባሽ አለኝ» ግን ሦስት መቶ ሰው የተሰበሰበበት ምግብ ቤት ውስጥ ካሜራ ሳያስፈልገው የሚሠራ አማርኛ ነው።

ጥያቄ፦ በግዕዙ ወንጌል እመቤታችንን «ፍኅርት» ነው የሚላት። እርስዎ «ሐፀየ» የሚሉት ከየት አመጡት? — ዲያቆን

መልስ፦ ሁለቱም ግዕዝ ናቸው ዲያቆን። ፈኀረም አጨ ነው፣ ፍኅርት የታጨች። ግዕዝ ለአንዱ ነገር ሁለት ግሥ ነበረው። ፈኀረ መጽሐፉ ውስጥ ቀረ፣ ቅዳሴና ድርሳን ሲነበብ ካልሆነ አንሰማውም። ሐፀየ ከመጽሐፉ ወጥቶ ገበያ ወረደ፣ ጉሮሮውን ጥሎ፣ ፀውን ቀይሮ፣ እነሆ ቡና ላይ ሰው ያጣላል።

የዚያው የጉሮሮ ነገር ወንድምና እህት ከፈለጉ፦ ግዕዙ የባልን ወይም የሚስትን እናት «ሐማት» ይላል፣ እኛ አማት። ሙሽሪት በግዕዝ «መርዓት» ናት፤ እኛ ጋ ስትደርስ «ምራት» ሆነች። ግዕዙ ቃሉን ለሙሽራም ለልጅ ሚስትም ይጠቀምበታል፣ አማርኛ ያስቀረው ሁለተኛውን ነው። ሙሽራነቷ አለቀና አማቷ ቤት ያላት ስም ብቻ ተረፈ። ይሄን ያነበባችሁ ምራቶች ለኔ አትጻፉልኝ፣ እኔ አይደለሁም ያደረግኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ «ተመለሱ» አሏቸው። ጓደኞቼ «ሽማግሌ መለሱብህ» እያሉ ያዝኑልኛል። ከሰርግ በኋላ የሚደረገው ድግስም «መልስ» ነው የሚባለው። አንድ ቃል እንዴት እንደዚህ ይሆናል? ተስፋ ልቁረጥ? — ከአዳማ

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። መልስ የተባለው ሙሽሮቹ ወደ ሴቷ ወላጆች ቤት ስለሚመለሱ ነው፤ ሰው የሄደበት ሁሉ ይመለሳል፣ ደስ ብሎትም አዝኖም። ሽማግሌ መመለስ ግን እምቢ ማለት ነው፣ ጓደኞችህ ያሉት እሱን ነው።

አንተ የጻፍክልኝ ግን «መለሷቸው» አይደለም፣ «ተመለሱ አሏቸው» ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ያስቸግራል። «ተመለሱ» ከመጣችሁበት ሂዱ ሊሆን ይችላል። «ተመለሱ» ሌላ ቀን ኑ ሊሆንም ይችላል። ፊደሉ አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ደግሞ ብዙ አይገኝም፤ ልጄ ተርፋኛለች ያለ ይመስላል ብሎ ይፈራል። እኔ የሄድኩበትም ቤት ልጅቷ ቀለበቷን አድርጋ መጋረጃው ጋ ቆማ እያለች ሁለት ሳምንት አስጠብቀውናል።

ስለዚህ ጓደኞችህን ተዋቸውና ሽማግሌዎቹን ሄደህ ጠይቅ። ስትጠይቅ «ምን አሉ?» አትበል፣ ተመለሱ ነው የሚሉህ። «ቀን ቆርጠዋል?» በል። ሲወጡ አባትየው በር ድረስ ሸኝተዋቸው እንደሆነም ጠይቅ። ቡና ጠጥተው እንደሆነ። ቀን ከተቆረጠ፣ ከሽማግሌዎችህ ጋቢ የተዋሰ ካለ ገና ለባለቤቱ እንዳይመልስ።